የሰፈሯን ውሻ ይዤ ልሂድ? ከባሕር ማዶ የጎዳና ውሻ ለመውሰድ ያሉት አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ለገና አዲስ አበባ ስገባ እናቴ ደጅ ላይ አንዲት ቡኒ ውሻ ተኝታ አገኘሁ። የሁለቱም ጆሮዎቿ ጫፍ ተቆርጧል። መኪና ሲመጣ ትነሳለች፣ ሲያልፍ ተመልሳ በራሷ እጅ የቆፈረቻት ጉድጓድ ውስጥ ትጠቀለላለች። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ወረወርኩላት። በአምስተኛው ቀን እስከ ታክሲ መያዣው ትሸኘኝ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ስም አወጣሁላት፤ ቡቺ። ስም ከወጣ በኋላ ነገር አለቀ ማለት ነው።

«ይዣት እሄዳለሁ» አልኩ እራት ላይ። እናቴ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች አየችኝ። «ሰው ቪዛ አጥቶ ይንከራተታል፣ አንቺ ውሻ ልታሳፍሪ?»

የመመለሻ ትኬቴ 9 ቀን ነበር የቀረው። 9 ቀን ለሰውም ወረቀት አይበቃም፣ ለውሻማ ጭራሽ።

ቡቺ አሁን ሜሪላንድ ሶፋዬ ላይ ናት። እንዴት እንደመጣች የሰማ ሁሉ ይደውልልኛል። እኔ ግን ስለ ወረቀቱ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የምትፈልጉት ያቺን ውሻ ነው? ወይስ ውሻ ነው? ወይስ የጎዳና ውሾችን መርዳት? ሦስቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። ቀላቅሎ የጀመረ ሰው ገንዘቡንም ልቡንም መሃል መንገድ ላይ ይጨርሳል። ከዚህ በታች ያሉትን አምስት መንገዶች ስታነቡ ይህን ጥያቄ በእጃችሁ ያዙ።

## በምን እንመዝናቸው?

ጊዜ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ዛሬ ደህና የሚመስል ውሻ ከሁለት ወር በኋላ ሊታመም ይችላል። የየአገሩ ሕግ ዙሪያውን የሚሽከረከረው በዚህ ነው። ስለዚህ ቀን የሚቆጠረው ለቢሮክራሲ ብቻ ተብሎ አይደለም፣ አማላጅም አያሳጥረውም።

ወጪ። ሰው የአውሮፕላኑን ብቻ ያስባል። ማይክሮቺፑ (ቆዳ ሥር የሚገባው የመለያ ቁጥር የያዘ ቅንጣት)፣ ክትባቱ፣ የደም ምርመራውና ናሙናውን በቅዝቃዜ ወደ ውጭ መላኩ፣ ሳጥኑ፣ ሲደርስ የሚያርፍበት ቦታ ክፍያ አለ። ከዚያ ደግሞ ኪራይ ቤት ለሆነ ሰው ለእንስሳ የሚጠየቅ ማስያዣና በየወሩ የሚጨመር ሂሳብ አለ። የኪራይ ውላችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡ። ክብደትና ዝርያ የሚገድብ አንቀጽ ካለበት ከቺፑ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ጤና። የውሻውም፣ የእናንተም።

ስለ ውሻው የምታውቁት። በአካል አይታችሁታል ወይስ በፎቶ? ልጅ ሲያይ ምን ያደርጋል? ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል?

ባለቤትነት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ነበር። እኛ አገር «የጎዳና ውሻ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሰፈር ውሻ ነው። ሥጋ ቤቱ አጥንት ይጥልለታል፣ ዘበኛው ማታ አብሮት ያድራል፣ ልጆች ስም አውጥተውለታል። ቡቺን ለመውሰድ ስነሳ የጎረቤታችን ዘበኛ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጆሮዋን አላየሽም? እሷ እኮ የሰው ናት።»

እውነታቸውን ነው። ኢስታንቡል ብትሄዱ ውሻ ጆሮ ላይ የተሰካ ፕላስቲክ ታያላችሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ከትቦታል፣ አምክኖታል ማለት ነው። እኛ ጋ የተቆረጠ ጆሮ ሌላ ወሬ ነው የሚያወራው። ኃይለኛ ትሆናለች ብሎ ቡችላ እያለች የቆረጠላት ሰው ነበረ።

«ታዲያ ባለቤቶቿ የት ናቸው አባባ?» አልኳቸው።

«ቤታቸው ፈረሰ። ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ አራተኛ ፎቅ። ውሻ ይዘው የት ይገባሉ?»

አፈላልገን ደወልን። ሴትዮዋ ስልኩ ላይ ዝም አሉ፤ ከዚያ «በእግዜር፣ ከወሰድሽልኝማ ደስታዬ» አሉ። ያን ባላደርግ ኖሮ የሰው ውሻ ሰርቄ ነበር የምበረው።

ለቀሩት ውሾች የሚተርፈው። አንድ ውሻ በአውሮፕላን በሄደበት ገንዘብ እዚያው ሰፈር ስንቱ ይከተብ ነበር? ይህ ሚዛን ላይ ካልገባ ንጽጽሩ ሙሉ አይሆንም።

## አንደኛው መንገድ፦ ያያችኋትን ውሻ ራሳችሁ ይዛችሁ መሄድ

እኔ የመረጥኩት ይህን ነው። ከሁሉም ረጅሙን የምጽፈው ስለዚህኛው ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ከአሜሪካ እንጀምር። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከአገሯ አጥፍታለች። በ2021 ግን ከአዘርባጃን ለጉዲፈቻ ከመጡ እንስሳት መካከል አንድ ውሻ ፔንሲልቬንያ ከገባ በኋላ በሽታው ተገኘበት። በዚያው ዓመት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ በሽታው ከበዛባቸው አገሮች ውሻ እንዳይገባ ለጊዜው አገደ። ዛሬ የሚሠራው ሕግ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የጸና ሲሆን ኢትዮጵያ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። እዚያ ለተከተበ ውሻ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ማይክሮቺፕ ይደረጋል። ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ መሆን አለበት።
2. ከቺፑ በኋላ፣ ወይም በዚያው ቀን ቺፑ ቀድሞ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጣል። ውሻው ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት።
3. ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ፣ ክትባቱ መሥራቱን ለማየት ደም ይወሰዳል። ናሙናው ሲዲሲ ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።
4. ደም ከተወሰደበት ቀን ቢያንስ 28 ቀን ካለፈ በኋላ ነው አሜሪካ የሚገባው።
5. የክትባትና የቺፕ ቅጹን ሐኪሙ ሞልቶ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ያጸድቀዋል። ሌላው የመግቢያ ቅጽ በነጻ በኢንተርኔት ይሞላል።
6. ሲዲሲ ባወቀው የእንስሳት ማቆያ ቦታ ይያዛል። ውሻው በቀጥታ ማረፍ ያለበትም ማቆያው ባለበት ኤርፖርት ነው። ሕጉ ሲጀምር ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ዋሽንግተን ደለስ፣ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ፣ አትላንታ፣ ማያሚ፣ ፊላዴልፊያና ሎስ አንጀለስ ናቸው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዕለቱን ዝርዝር ተመልከቱ።

ሲደመር ሁለት ወር ነው፤ ያውም ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ከሄደ። በዚያ ላይ ውሻው ሲገባ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ በካርቶን ያገኛችኋት የስድስት ሳምንት ቡችላ በዚህ ክረምት አትመጣም። ማቆያው ሐኪሙ እስኪመረምረውና እንደገና እስኪከትበው ድረስ ነው። የደም ውጤት የሌለው ውሻ ግን እዚያው 28 ቀን ይቀመጣል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ከላይ ያለውን ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 እንደገና አንብቡ። እኔ አላነበብኩም። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ቡቺን መጀመሪያ ከተባት፤ ቺፑን «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ አደረገላት። ወንድሜ ወረቀቶቹን ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ቀኖቹን አስተያየሁ። ክትባቱ ከቺፑ ቀድሟል። በወረቀት ቋንቋ የተከተበችው ማንነቷ የማይታወቅ ውሻ ናት ማለት ነው። ከሀ ጀመርን። ገና ላይ የተነሳው ጉዳይ ከፋሲካ በኋላ አለቀ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የከብት የአፍና የእግር በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ውሻ እግሩ፣ ጠጉሩና መኝታው ከጭቃና ከአፈር የጸዳ እንዲሆን ይጠይቃል። እንደደረሰም ይታጠባል፣ ለ5 ቀናትም ከከብት ይርቃል። ሰፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ለሚተኛ ውሻ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ቡቺን ከበረራው ቀን በፊት ሁለት ጊዜ አጥበናታል፤ ሁለተኛውን የጀመርነው የመጀመሪያውን እንደጨረስን ወጥታ መሬት ላይ ስለተንከባለለች ነው።

ሳጥኑ ውስጥ መቆም፣ መዞርና ተዘርግታ መተኛት መቻል አለባት። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ሳሎን ውስጥ ክፍቱን አስቀመጥነውና ምግቧን እየጎተትን ወደ ውስጥ ወሰድነው። በመጨረሻ ራሷ ገብታ ትተኛበት ጀመር። የእንቅልፍ መድኃኒት እንዳትሰጡ። አደገኛ ነው፣ አየር መንገዶችም ደንዝዞ የመጣ ውሻ አይቀበሉም።

አውሮፓ ላላችሁ መንገዱ ይመሳሰላል፣ ጊዜው ግን ይረዝማል። ቺፕ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ። ቢያንስ አራት ወር ያዙ። ባለቤቱ አብሮ ወይም በ5 ቀናት ልዩነት መጓዝ አለበት። ብሪታኒያም ሦስት ወሩን ትጠይቃለች። በዚያ ላይ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ መድኃኒት በሐኪም እንዲሰጠው ታዛለች። ኖርዌይም የኮሶውን ትጠይቃለች፤ ኦስሎ ላላችሁ ይህ እንዳይረሳ።

ካናዳ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። ከመስከረም 28 ቀን 2022 ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ለንግድ የሚገባ ውሻ ታግዷል። «ለንግድ» ሲባል ለሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ለጉዲፈቻ የሚመጣውም ይጨመራል። የራሳችሁን ውሻ ይዛችሁ መግባት ግን ሌላ ነው፤ ጉዳዩ የሚታየው ለብቻው ነው።

## ሁለተኛው፦ ለላኪ ድርጅት መስጠት

ራሳችሁ መመለስ ካልቻላችሁ ወረቀቱንም ሳጥኑንም ጭነቱንም የሚይዙ ወኪሎች አሉ። ጭንቀቱ ይቀንሳል፣ ሂሳቡ በሺህ ዶላሮች ይገባል።

ወኪል ስትመርጡ ማስታወቂያውን ተዉትና ሦስት ነገር ጠይቁ። ደሙን የትኛው ላቦራቶሪ ነው የምትልኩት? ከነሐሴ 2024 ወዲህ ወደዚያ አገር ውሻ ልካችሁ ታውቃላችሁ? ማቆያውን የሚይዘው ማን ነው? አፉን ሞልቶ ካልመለሰ አመስግናችሁ ዝጉ። «በ10 ቀን አደርሳለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ ያጭበረብራል። ሁለቱም ውሻችሁን ኤርፖርት ላይ ያስቀሩታል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ነገር አለ። «እየተጓዝሽ ስለሆነ ይህን ውሻ በስምሽ ያዥልን፣ እዚያ የሚቀበል ሰው አለ» ይባላል። ለደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ለሌላ ሰው ሊሰጥ የሚሄድን ውሻ የራሴ ነው ብሎ ማስመዝገብ የሐሰት ቃል ነው። አውሮፓ ውስጥ ባለቤቱ የሚቀየር ውሻ እንደ ንግድ ነው የሚታየው። አሜሪካም ለጉዲፈቻ ለሚመጣ ውሻ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች። የአክስታችሁን በርበሬ እንደምትይዙት አትያዙት።

## ሦስተኛው፦ ከሌላ አገር አዳኝ ድርጅት በኩል መቀበል

«ውሻ እፈልጋለሁ፣ ከጎዳና የተነሳ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን የግድ ያቺ አይደለችም» የሚል ሰው እዚህ ይመጣል። በተለይ አውሮፓ ያለ።

ሩማንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2013 ቡካሬስት ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ሕፃን በውሾች ተነክሶ ሞተ። በዚያው ወር ወደ መጠለያ ገብቶ በ14 የሥራ ቀን ውስጥ ሰው ያልወሰደው ውሻ እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከመጠለያዎቹ እያወጡ ወደ ጀርመን፣ ኔዘርላንድና ብሪታኒያ የሚልኩ ድርጅቶች በዙ። ቱርክም በ2024 በጋ ሕጓን ቀይራለች። በፊት ከትቦ፣ አምክኖ ወደ ሰፈሩ መመለስ ነበር። አሁን ሰብስቦ መጠለያ ማስገባት ሆኗል። መንግሥት የሚጠቅሰው የውሾች ቁጥር 4 ሚሊዮን ገደማ ነው። መጠለያው ደግሞ ለዚያ ሁሉ አይበቃም።

ሩማንያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች ከዚያ ወደ ጀርመን ለሚሄድ ውሻ የደም ምርመራውና የሦስት ወሩ ጥበቃ የለም። ክትባት በ12 ሳምንት፣ ከዚያ 21 ቀን፣ ፓስፖርት። ሳምንታት ነው። ከቱርክ ግን እንደ ኢትዮጵያ ነው፤ የአውሮፓም ጥበቃ አለ፣ ሲዲሲም ከፍተኛ ስጋት ብሎ መዝግቧታል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውሻውን በፎቶና በ20 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው የምትመርጡት። መጠለያ ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ውሻ «ረጋ ያለ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቤት ሲገባ ግን ረጋ ያለ ሳይሆን የፈራ መሆኑ ይገለጣል። ፍራንክፈርት አካባቢ ያለች ጓደኛዬ የተቀበለችው ውሻ ለስድስት ሳምንት ከጠረጴዛ ሥር አልወጣም። ሰሃኑን እግሯ ሥር አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ቆንጆ ውሻ ነው፤ ግን ማንም አላስጠነቀቃትም።

ጤናውም አለ። ብሩሴላ ካኒስ የሚባል ባክቴሪያ ወደ ብሪታኒያ ከገቡ ውሾች ጋር ተያይዞ ከ2020 ወዲህ በርክቷል። ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ከሜዲትራኒያን አካባቢ የሚመጣ ውሻ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌሽማንያ ሊኖርበት ይችላል። የልብ ትልም አለ። የምርመራ ውጤት ከጉዞ በፊት እንዲላክላችሁ ጠይቁ። «ሁሉም ጤነኛ ናቸው» ውጤት አይደለም። እግረ መንገዴን፣ ከአዲስ አበባ ጎዳናም ብትወስዱ ሐኪሙ በመዥገር የሚመጣውን በሽታና ሲገናኙ የሚጋባውን የብልት ዕጢ እንዲያይላችሁ አድርጉ። ዕጢው ያስደነግጣል እንጂ በመድኃኒት ጥሩ አድርጎ ይድናል።

ከድርጅቱ መስማት ያለባችሁ አንድ ቃል አለ፤ «ካልሆነላችሁ መልሰን እንቀበላለን።» ያንን በጽሑፍ የማይሰጥ ድርጅት ጋ አትሂዱ።

## አራተኛው፦ ካላችሁበት ከተማ መጠለያ

አጭር ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ውሾች መጠለያ ይገባሉ። ከደቡብ ስቴቶች ወደ ሰሜን በመኪና የሚጓጓዙ ሞልተዋል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 500 ዶላር ነው፣ ክትባትና ማምከንም ይጨምራል። ሄዳችሁ ታያላችሁ፣ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ልጆቻችሁን ታስተዋውቃላችሁ። ለጥቂት ሳምንት በአደራ ወስዳችሁ መሞከርም ይቻላል። ጀርመን ያላችሁ ሰፈራችሁ ካለው ቲርሃይም (የእንስሳት መጠለያ) ጀምሩ።

«እሱማ የሀብታም አገር ውሻ ነው፣ ምን ጎደለው?» የሚሉኝ አሉ። ኬጅ ውስጥ አራት ወር የቆየ ውሻ የየት አገር ኬጅ እንደሆነ አያውቅም።

## አምስተኛው፦ ውሻዋን እዚያው ማኖር

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እኔ ግን ለሚደውሉልኝ ለግማሾቹ የምመክረው ይህን ነው።

የሰፈር ውሻ ነጻ ናት። ጠዋት ሥጋ ቤቱ ጋ፣ ቀን ጥላ ሥር፣ ማታ ጓደኞቿ ጋ። አምስት ዓመት እንዲህ የኖረችን ውሻ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ውስጥ አስገብታችሁ በቀን ሦስቴ በገመድ ብታወጧት ደስ ይላታል ብላችሁ አትማሉ። ሊፍት ያስፈራታል። ደረጃ አታውቅም። የሚኒሶታ ጥር ደግሞ አለ። ቡቺ ለሁለት ወር መንገድ ላይ ጭራዋን እግሯ መሃል ከትታ ነው የሄደችው፤ አንድ ጊዜ ከአንገት ማሰሪያዋ ሾልካ ወጥታ እስከ ዋናው አስፋልት አሯሩጣኛለች። (ከዚያ ወዲህ ሁለት ገመድ ነው የማስረው፤ አንዱ አንገቷ ላይ፣ አንዱ ደረቷ ላይ። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲያ አድርጉ።) እናታችሁ ለጥየቃ ከመጡና «ውሻ ካለበት ቤት ውስጥ እንዴት እጸልያለሁ» ካሉም መልስ አዘጋጁ።

እዚያው ማኖር ማለት መተው ማለት አይደለም። ማስከተብ፣ ማምከን፣ ስትታመም ማሳከም፣ ለሚመግባት ሰው በየወሩ ትንሽ መላክ ነው። ዘበኛው፣ ባለሱቋ፣ የግቢው ልጆች፤ ከመካከላቸው አንዱ ውሻዋን ከልቡ ይወዳታል። እሱን ፈልጉ። ለሰው የምትልኩትን እየቆረጣችሁ ለውሻ የምትልኩ እንዳይመስል ግን በጥንቃቄ ነው፤ የእኔ ወንድም እስካሁን ይቀልድብኛል።

ለሰፈሩ የሚተርፈውም እዚህ ላይ ይበዛል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ከ100 ሰው በ99ኙ ላይ መነሻው የውሻ ንክሻ ነው። ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቀላል ሂሳብ ነው፤ ሰፈራችሁ 20 ውሻ ካለው 14ቱን ማስከተብ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮውን ለማትረፍ የእረኞችን ውሾች እየዞሩ የሚከትቡት በዚሁ ምክንያት ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ ተሻግሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ብዙ ጨርሷል። በዓለም የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ ከ500 አይበልጡም።

ሳላስጠነቅቅ እንዳላልፍ፦ የማታውቁትን ውሻ ራሳችሁ ለመያዝ አትሞክሩ። ከተነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክት ከታየ በኋላ መመለሻ የለውም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ጊዜ | ወጪ | ስለ ውሻው የምታውቁት | ዋናው ስጋት | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| ራስ ይዞ መሄድ | አሜሪካ ከ2 ወር በላይ፣ አውሮፓ ከ4 ወር በላይ | ከፍተኛ | ብዙ፣ በአካል | የቀን ቅደም ተከተል መሳሳት | ያቺን ውሻ ለሚፈልግ |
| ላኪ ድርጅት | ያው ነው | በጣም ከፍተኛ | ብዙ፣ በአካል | አጭበርባሪና ሕግ የማያውቅ ወኪል | ያቺን ውሻ ለሚፈልግ፣ መመለስ ለማይችል |
| የሌላ አገር አዳኝ ድርጅት | በአውሮፓ ውስጥ ሳምንታት፣ ከሌላ ቦታ ወራት | መካከለኛ | ጥቂት፣ በፎቶ | የተደበቀ በሽታ፣ ፍርሃት | ልምድና ትዕግሥት ላለው |
| የከተማችሁ መጠለያ | ቀናት | ዝቅተኛ | በቂ፣ መሞከርም ይቻላል | ጥቂት | ውሻ ለሚፈልግ፣ ልጆች ላሉት |
| እዚያው ማኖር | በዚህ ሳምንት ይጀመራል | ዝቅተኛ፣ ግን በየወሩ | ብዙ | የሚመግበው ሰው መጥፋት፣ መኪና፣ መርዝ | ጎዳና ውሾችን መርዳት ለሚፈልግ |

## እናንተስ?

ለእረፍት ገብታችሁ ውሻ ከወደዳችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቺፕ አስደርጉ፣ ከዚያ አስከትቡ። ገና ባትወስኑም። ውሳኔያችሁ ቢቀየር አንድ የተከተበ ውሻ ለሰፈሩ ይተርፋል፤ ባይቀየር አንድ ወር አትርፋችኋል። ክትባቱ ሳይቋረጥ ከታደሰ የደም ውጤቱ ጸንቶ ስለሚቆይ በዚህ ዓመት ጀምሮ በሚቀጥለው መውሰድም ይቻላል።

ገንዘብ ካጠረ በብድር ውሻ አታምጡ። መምጣቱ መጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ሐኪም ቤት አለ። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ያዙ።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁና ውሻ አሳድጋችሁ የማታውቁ ከሆነ ሦስተኛውን ለጊዜው ተዉት። በፎቶ የተመረጠ የፈራ ውሻና የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ሳሎን ውስጥ ጥሩ አይደሉም።

ውሻዋ ያረጀች፣ ሰፈሩ የሚወዳት፣ የሚመግባት ሰው ያላት ከሆነ አትንኳት። ሰፈሩ እየፈረሰ ከሆነ፣ መርዝ የሚጣልበት ከሆነ፣ ወይም እንደ ቡቺ ባለቤቶቿ ሄደው እሷ የቀረች ከሆነ ያን ጊዜ አንደኛውን አስቡበት። እኔን ያስወሰነኝ ያ ነበር። ሂሳቡን አሁን ደምሬ ሳየው በዚያ ገንዘብ የእናቴን ሰፈር ውሾች በሙሉ አስከትቤ ይተርፈኝ እንደነበር አውቃለሁ። ያቺን ውሻ ነበር የፈለግኩት፣ ከፈልኩ።

ቡቺ ከሄደች ሁለት ወር ሳይሞላ እናቴ ፎቶ ላከችልኝ። ጉድጓዷ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጠምሻ ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቦታ ባዶ ሲሆን ሌላ ውሻ ይገባበታል። እሱን ወንድሜ አስከተበው፣ በኋላም አስመከነው፤ ዘበኛው ማታ ማታ ፍርፋሪ ይሰጡታል። ከፎቶው በታች እናቴ በድምፅ እንዲህ ብላ ልካለች፦

«ይሄው ሌላ መጣ። ስም እንዳታወጪለት።»